የማክሰኞ የጸሎት ርዕስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሰው መጣል ነበር። የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበርኩ። ከተፈታኙ ጎን እቀመጣለሁ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ፣ ያየሁትን ጥፋት ሁሉ እጽፋለሁ። መስታወት አላየም፤ ይጻፋል። ፍሬቻ ረሳ፤ ይጻፋል። አባቱን ቀብሮ የመጣ ቢሆንም ይጻፋል። ተፈታኞቹ «አያሳልፍ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ወላጆቼ ካወጡልኝ ስም ይልቅ እሱ ታወቀ፣ እኔም አልከፋኝም። ያየውን የማይጽፍ ፈታኝ የሰው ነፍስ በእጁ ይጠፋል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ይህን ሥራ የተውኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰበቡ አንዲት ሴት ናት። ለአራተኛ ጊዜ ወደቀች፣ ከመኪናው ግን አልወርድም አለች። «ተረኛ አለ፣ ውረጂ» ብላት መሪውን እንደያዘች ታለቅሳለች። ቁጣዬ ቅርብ ነው። ልጮህባት አፌን ስከፍት «ቤት ስገባ ምን እንደሚጠብቀኝ ቢያውቁ እንዲህ አይቸኩሉም ነበር» አለችኝ። አንድ ሰዓት አብሬያት ተቀመጥኩ። ከኋላችን ያሉት ክላክሱን ያቀልጡታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳልጽፍ ያዳመጥኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር።

ለሚስቴ «የምክር አገልግሎት ልማር ነው» ስላት የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ አየችኝ።

«ዕድሜ ልክህን ሰው ስታስለቅስ ኖረህ፣ አሁን ደግሞ እንባ ልትጠርግ?»

«እና ቢሆንስ?»

«እኔ ምን አገባኝ። ብቻ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል።»

ከሥራ መልስ ዓመት ተማርኩ። ከዚያ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የአእምሮ ጤና ማእከል፣ በሦስት ወር ሙከራ፣ ረዳት አማካሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። የተሰጠችኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የእንባ መጥረጊያ ሶፍት፣ ግድግዳው ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ጥቅስ። መስኮቷ የሚያየው የታካሚዎች አንሶላ የሚሰጣበትን ገመድ ነው። ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ ቀኝ እግሬ ሳላዝዘው ወለሉን ይጫን ነበር፤ ፍሬን መያዙ ነው። ታካሚዎቹ እግሬን ያመኛል ብለው ያዝኑልኝ ጀመር።

የማእከሉ ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ክብ ሠርተን እንቆማለን፤ ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወጥ ቤቷ፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም። እያንዳንዱ የጸሎት ርዕስ ያቀርባል፤ የእህቴ ምጥ፣ የልጄ ፈተና፣ የጎረቤቴ ኩላሊት። የጸሎት ክፍሉን የሚመሩት ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። የተባለውን ሁሉ ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ፣ ቀጥለውም በስልክ «የጸሎት ሰንሰለት» ለሚባለው ማኅበር ይልኩታል። አባላቱ በየቤታቸው ሆነው ስለ ርዕሱ ይጸልያሉ።

እኔ ርዕስ አልነበረኝም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተራዬ ሲደርስ «የለኝም» እያልኩ አሳለፍኩ። ሚስቴ ደህና ናት፣ ልጆቼ አድገዋል፣ ኩላሊቴም ጤነኛ ነው። እትዬ አንድ ቀን ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ሰው እንዴት ሸክም ያጣል?» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጥሬ ነደድኩ። እዚያ ክብ ውስጥ ባዶ እጄን መቆም መሮኝ ነበር፤ የእነሱ ሰው መሆን ፈለግኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ተራዬ ሲደርስ እንዲህ አልኩ፦ «አንድ ሹፌር አለ። የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነው። ድልድይ ላይ ሲወጣ እጁ መሪው ላይ እንደ እንጨት ይደርቃል። ለእሱ እንጸልይለት።»

ስሙን አልጠራሁም። ስሙን ካልጠራሁ ምንም አልተናገርኩም ብዬ አመንኩ። ክቡ በአንድ ድምፅ «ጌታ ሆይ» አለ፤ እትዬም እየጻፉ በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ያን ቀን ሲስተር፣ የታካሚ ክፍሎች ኃላፊዋ ማለቴ ነው፣ ፎቅ ላይ ታካሚ ይዛ ስለነበር ከክቡ ውስጥ አልነበረችም።

ሹፌሩ የተማሪ አውቶቡስ የሚነዳ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ለመሥሪያ ቤቱ «ወገቤን» ብሎ የሕመም ፈቃድ ወስዶ፣ በድብቅ እኛ ዘንድ መመላለስ ከጀመረ አራት ሳምንት ሆኖታል። ለሐኪሙ የነገረው እንቅልፍ ማጣቱንና የልቡን መምታት ብቻ ነው። ሐኪሙም ውሎ አድሮ የሚሠራ መድኃኒት አዘዘለት። ዋናውን ነገር የነገረው ለእኔ ነው፤ ለሲስተር እንድነግራት ደግሞ ፈቀደልኝ። ወንዙ ላይ ያለው ረጅሙ ድልድይ መሐል ሲደርስ እጁ ይደነዝዛል፤ ከዚያም «ልቀቀው፣ መሪውን ልቀቀው» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ከኋላው አርባ ሁለት ሕፃናት እየዘፈኑ።

«ለምን ለእኔ ነገርከኝ?» ብዬው ነበር።

«አላስታወሱኝም እንጂ ሁለት ጊዜ ጥለውኛል» አለኝ። «ሰው ሁሉ ያባብለኛል። እርስዎ ግን ጥፋቴን ፊት ለፊት ነው የነገሩኝ። በሦስተኛው ሲያሳልፉኝ እውነትም ነጂ ሆንኩ አልኩ።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮው ነበር። በር ሲከፍት አላወቅሁትም። ጢሙን ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጥርሱ ይታያል። ሳይቀመጥ የመድኃኒቱን ፓኮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«ይህን ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡልኝ፣ ጋሼ። እኔ ጨርሻለሁ።»

«ተቀመጥ እስቲ። ምን ተገኘ?»

«ተአምር ነው የተገኘ!» ወንበሩን ስቦ ጉልበቱ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጋኝ። «አማቴን ያውቋታል? ከየት ያውቋታል። እኔና እሷ ዓይንና ናጫ ነን፤ ሦስት ዓመት ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። ትናንት ጠዋት መጣች። ምንም ሳትለኝ እጇን ራሴ ላይ ጫነችና ‹ጌታ አሳየኝ› አለች። ‹ድልድይ ላይ ነህ። እጅህ መሪው ላይ እንደ እንጨት ደርቋል።› እንጨት አለች፣ ጋሼ! እኔ እንኳ ቃሉን አላገኘሁትም ነበር። ለእርስዎ ደነዘዘኝ ነው ያልኩት። ልክ እኮ ነው፣ እንጨት ነው የሚሆነው!»

እንጨት ያልኩት እኔ ነኝ።

«ለሚስቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም» ቀጠለ። «እርስዎና ሲስተር ደግሞ በመሐላ የታሰራችሁ ሰዎች ናችሁ። ታዲያ ማን ነገራት? ከላይ ነው እንጂ! አየኝ፣ ጋሼ። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን መስሎኝ፣ እሱ ለካ ያየኝ ነበር። ትናንት እስኪነጋ ተኛሁ። በአራት ወር አንዴ እንኳ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።»

«ሥራውስ?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ዛሬ ገባሁ! ወገቤ ድኗል አልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አወጣለሁ። ድልድዩን እየዘመርኩ ነው የምሻገረው።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልተናገርኩም። ሁለት ምክንያት ነበረኝ፤ አንዱ ደስታው ነው፣ ጥርሱን ያየሁት ገና ያን ቀን ነበርና። ሌላው የሙከራ ጊዜዬ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቁኝ፤ አውቀዋለሁ፣ አፍርበታለሁም። ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ሲወጣ ለዘበኛው ሳይቀር ሰላምታ ሲሰጥ ይሰማኝ ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ታካሚ ገባ። ምን እንደነገረኝ አንድም ቃል አላስታውስም።

ከዚያ እትዬ ጋ ሄድኩ። ከሰንሰለቱ አባላት መካከል የሹፌሩ አማት ትገኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ስልካቸውን በጣታቸው እየወረዱ አዩ። ሰባ ሦስት ሴቶችና ወንዶች። አማትየዋ ከመጀመሪያዎቹ ናት፤ በጸሎት የታወቀች፣ ጾም የማታጓድል። ሴትየዋ ዋሸች አልልም። መልእክቱን ስታነብ፣ ሹፌር፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ድልድይ፣ ልቧ «ይህ የልጄ ባል ነው» ብሏት ይሆናል፤ ልቧ ያላትንም ጌታ ያለው መስሏት ይሆናል። ሰው እንዲያ ነው።

እትዬ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ተመስገን! አየህ ልጄ፣ በአንተ ስህተት ተጠቅሞ ሰውየውን ፈወሰው፤ አማትና አማችንም አስታረቀ።»

«መድኃኒቱን ትቷል እኮ፣ እትዬ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ድልድዩን ይሻገራል።»

«እና ምን ልትለው ነው? የዳነ ቁስል ትነካካለህ? እኔ በዕድሜዬ ካየሁት ልንገርህ፣ እምነት የፈረሰበት ሰው ከታመመ ሰው ይብሳል።»

እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም። በየቀኑ ስሜን ጠርተው እንደሚጸልዩልኝ አውቃለሁ። ንግግራቸው ደግሞ ልቤ የፈለገው ንግግር ነበር። «እሺ» ልል ጥቂት ሲቀረኝ ሲስተር በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለች።

ነገርኳት። ሲስተር ቀጭን ናት፣ ንግግሯም እንደዚያው። ስጨርስ «ስሙን ግን አልጠራሁም» አልኩ።

«ሹፌር፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ድልድይ። የቀረህ የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው።»

«ሲስተር፣ የሰውየውን እምነት ልታፈርሺበት ነው?» አሉ እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው።

«እኔም አማኝ ነኝ፣ እትዬ። ግን እግዚአብሔር የእኛ ውሸት አያስፈልገውም።» ወደ እኔ ዞረች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሄደህ አንተው ትነግረዋለህ። እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ድረስ እጠብቅሃለሁ፤ እስከዚያ ካልደወልክልኝ ለመሥሪያ ቤቱ ደውዬ አስቆመዋለሁ። ያን ካደረግሁ መንጃ ፈቃዱም እንጀራውም አበቃ። ወደዚህ በርም ዳግም አይመጣም።»

«ከነገርኩትስ?»

«አላውቅም።»

«እኔስ?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሲስተር ሰዓቷን አየች። «ስለ አንተ ነገ እናወራለን» አለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስልኩን ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አያነሣም። ጠንቃቃ ነጂ ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልክ አያነሣም። በታክሲ ወጣሁ። መንገዱ እንደ ጉድ ተጨናንቆ ነበር። ከፊታችን አንዱ ጀማሪ ፍሬቻ ሳያበራ ሲታጠፍ ባለታክሲው የእናቱን ስም ጠርቶ ሰደበው፣ እኔ ግን ልቤ ሰዓቴ ላይ ነበር። የአውቶቡሶቹ ግቢ ስደርስ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር።

ግቢው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ቢጫ አውቶቡሶች በሰልፍ ቆመዋል፤ የስምሪት አለቃው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረቀት ያያል። ሹፌሩ በእርጥብ ጨርቅ የፊት መስታወቱን እየወለወለ ይዘምራል።

«ጋሼ! ሊመርቁኝ መጡ?»

«ግባ፣ እናውራ።»

እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ካሉት የልጆች መቀመጫዎች አንዱ ላይ ተጣጥፌ ገባሁ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። መንገድ ላይ ብዙ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም።

«ማክሰኞ ጠዋት በጸሎት ላይ ስለ አንተ ተናገርኩ» አልኩት። «ስምህን አልጠራሁም፣ ግን ተናገርኩ። እንደ እንጨት ይደርቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ተጽፎ ለሰባ ሦስት ሰው ተላከ። አማትህ አንዷ ናት።»

ሳቀ። «ይቀልዳሉ፣ ጋሼ።»

ለሰንሰለቱ የተላከውን፣ እትዬ ከመውጣቴ በፊት ለእኔም ያስተላለፉልኝን መልእክት ከስልኬ ላይ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው። ከራሱ በላይ ባለው መስታወት ውስጥ ዓይኖቹ ይታዩኛል፤ ማንበቡን ጨርሰው ስልኩ ላይ ቀሩ።

ፊሽካው ተነፋ። ግራና ቀኝ ሞተሮች ተነሡ። ስልኩን ወደ ኋላ ወረወረልኝና ቁልፉን አዞረ። አውቶቡሱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ።

«ውረድ» አለኝ።

አልወረድኩም።

«ውረድ አልኩህ!» አንቱታው ቀረ። «አንተን ሰው ብዬ! ለሚስቴ ያልነገርኩትን!»

«ልክ ነህ።»

«ምን ልክ ነህ ትለኛለህ? አፍህን ዝጋ! ዛሬ ነው የምትዘጋው?»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት። ሲስተር ልትደውል ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ፈርቶ ይወርድ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። ያቺ ስምንት ደቂቃ የእሱ እንድትሆን ፈለግኩ። ካልሆነ ሲስተር አለች፤ እኔም ከዚያች መቀመጫ አልነሣም። ፈርቼ ነበር።

አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ከፊታችን ወጡ። እሱ ማርሹን አላስገባም። ዞር ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ታዲያ እግዚአብሔር አላየኝም ማለት ነው?»

ዓመት ሙሉ የተማርኩትን፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን፣ ጠዋት ጠዋት የምሰማውን ሁሉ ፈለግኩ። ባዶ።

«አላውቅም» አልኩት። «እኔ ግን አየሁህ። አይቼም ለሰው አወራሁ። በድዬሃለሁ።»

እጆቹን መሪው ላይ አደረገ። አንገቴን አስግጌ አየኋቸው። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ነጡ፤ ትንፋሹ አጠረ።

«መጣ» አለ። «ድልድይ የለም እኮ። ግቢ ውስጥ ነኝ። መጣ።»

«አብሬህ ነኝ። ተንፍስ።»

«ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። አጥፋው። ቁልፉን አጥፋው!»

በትከሻው ላይ ተንጠራርቼ ቁልፉን መለስኩት። ሞተሩ ጸጥ አለ። የስምሪት አለቃው ሰዓቱን እያየ ወደ እኛ መጣና መስኮቱን አንኳኳ። ሹፌሩ በክርኑ መስኮቱን ገፋ አደረገው።

«ምንድን ነው? አርባ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል!»

«ሌላ ሹፌር መድብ፣ አለቃ። አልችልም።»

«ደግሞ ወገብህ ተነሣ?»

ሹፌሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሹፌሮች፣ ተጠባባቂዎቹ፣ ጎማ ነፊው፣ ሁሉም ወደ እኛ ያያሉ።

«ወገቤን አይደለም» አለ ጮክ ብሎ። «ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ጭንቅላቴን ነው። ድልድይ ላይ እጄ ይደርቃል፣ መሪውን ልቀቅ ልቀቅ ይለኛል። ልጆች አሳፍሬ መንዳት የለብኝም።»

አለቃው አንድ አዛውንት ተጠባባቂ ሹፌር በስማቸው ጠርቶ ሌላ አውቶቡስ ይዘው እንዲወጡ አዘዘ። ተመልሶ መጥቶ ወደ ሹፌሩ ቀረብ አለና ቀስ ብሎ «ውሃ ላምጣልህ?» አለው።

ለሲስተር ደወልኩ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ስምንት። «አውቶቡሱ አልወጣም» አልኳት።

ሹፌሩ ሳያየኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ጣቶቹ ገና አልተፍታቱም።

«ሲስተር ናት? እሷን ስጠኝ። አንተ ውረድ።»

ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና ወረድኩ። በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። የጎን መስኮቱ አሁንም ክፍት ነው፤ ሁለት እርምጃ ብጠጋ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። እንዳልሰማው ራቅ ብዬ፣ ጎማ ነፊው አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።